ሰማያዊው እስኪጠፋ

አማቼ ቆቅ ይሉኛል። ገና ወደዚህ ቤት በገባሁ ሰሞን የድስት ክዳን ሲወድቅ ዘልዬ መነሳቴን አዩና ስሙን ለጠፉብኝ፤ ባሌም ደስ ብሎት ተቀበለው። እኔ ቅር ብሎኝ አያውቅም። በዚህ ቤት አንድ ሰው መጠንቀቅ ነበረበት። አባትና ልጁ እንደሆኑ ጣራው ቢነቀል እንኳ ሻያቸውን ሳይጨርሱ የሚነሱ ሰዎች አይደሉም።

አማቼን አባባ ነው የምላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ግንበኛ ነበሩ። ይህን ቤት ከመሠረቱ እስከ ጣራው የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ከቤቱ ሁሉ ግን የሚኮሩት በምድጃው ነው። ሳሎኑንና መኝታ ቤታችንን በሚለየው ግድግዳ ውስጥ የተገነባ የጡብ ምድጃ ነው፤ አፉ ወደ ሳሎን፣ ጀርባው ወደኛ። ጠዋት አንዴ በደንብ ከነደደ ጡቡ የጠጣውን ሙቀት እስከ ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል። እንግዳ በመጣ ቁጥር አባባ እጁን ይዘው ግድግዳውን ያስነኩታል። እጁን ቶሎ የሚያነሳውን እንግዳ ደግሞ ይታዘቡታል።

ምድጃው አንድ ሕግ አለው። እንጨቱ ነዶ ፍም ብቻ ሲቀር፣ በጭስ ማውጫው አንገት ላይ ያለች የብረት መዝጊያ ትገፋለች። ካልተገፋች ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ወጥቶ ይሄዳል፤ ያ ሁሉ እንጨት ለሰማይ ነደደ ማለት ነው። ስትገፋ ሙቀቱ እኛው ጋ ይቀራል። ነገር ግን ፍሙ ላይ ሰማያዊ ነበልባል እየተንቀለቀለ ሳለ ከተዘጋች፣ ከሙቀቱ ጋር መርዙም ቤት ይቀራል። ሽታ የለው፣ ጭስ የለው፣ ሰውን እንዳንቀላፋ ይዞት ይሄዳል። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው አባባ ናቸው። በወጣትነታቸው አብሯቸው ጡብ ይደረድር የነበረ ጓደኛቸው ከነሚስቱ እንዲህ ነው የሞተው። ሰማያዊው ሳይጠፋ እንዳትዘጉ የሚሏት ነገር ከአፋቸው አትለይም። ለማን እንደሚሉት እንጃ እንጂ መዝጊያዋን ከሳቸው በቀር ማንም አይነካትም። ባሌ አንድ ቀን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ፣ ያን የሚያክል አውቶቡስ የሚነዳ ሰውዬ፣ እንደ ሕፃን እጁን መቱት።

እውነቱን ለመናገር እንጨት ያሞቃል ከማለት በፊት ያለፋል ማለት ይሻላል። ብርዱ ከመግባቱ በፊት መኪና መጥቶ ግንዱን ደጃችን ላይ ይዘረግፈዋል። ከዚያ መፍለጡ አለ፣ መደርደሩ አለ፣ ዝናብ እንዳይነካው መሸፈኑ፣ እየተሸከሙ ማስገባቱ፣ አመዱን ማውጣቱ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስፌት መኪናዬ ሳሎን ውስጥ ምድጃው ፊት ለፊት ነው ያለው። ነጭ ሸሚዝ በያዝኩ ቁጥር አመዱ ይከተለኛል። ሰፍቼ የጨረስኩትን ስንቴ መልሼ እንዳጠብኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ስንቴ እንደተራገምኩም እንዲሁ። ግን ደግሞ በውርጭ ጠዋት እጄ ደንዝዞ ከውጭ ስገባ፣ ያ የሞቀ ጡብ ጀርባዬን ሲቀበለኝ፣ እርግማኔን ሁሉ መልሼ እውጠዋለሁ።

ባሌ አንድ ጊዜ ከዚህ ጣጣ ልገላግላችሁ ብሎ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቶ መጣ። አባባ አዩትና ወደ ምድጃቸው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ፤ ጠፍቶም ሰነበተ። አባባ ምድጃቸውን አንድደው፣ ጋቢ ነገር ደረብ አድርገው፣ ማሞቂያውን ራት ጋብዙት እንጂ ብርድ ላይ ብቻውን ቆመ አሉ። ባሌ እስከዛሬ ይህች ቀልድ አትዋጥለትም። ማሞቂያው የኮት መስቀያ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ሚጢ ተወለደች። ያለ ጊዜዋ ነው የመጣችው፤ እጄ ላይ ሲያስቀምጧት ከአንድ ፍልጥ እንጨት አትከብድም ነበር። ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሟ ብዙ ነገር ነገረችኝ፤ እኔ ግን ከዚያ ሁሉ አንዷን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ይህች ልጅ ብርድ አይንካት። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዓለም ላይ የምፈራው ነገር አንድ ብቻ ሆነ። አልጋዋን ከምድጃው ጀርባ፣ ከሞቀው ግድግዳ አስጠጋሁ። ከስፌት የተረፈኝን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየጠቀለልኩ በመስኮቱ ክፍተት፣ በበሩ ሥር፣ ጣራውና ግድግዳው በሚገናኝበት ሁሉ ጠቀጠቅሁ። ንፋስ የምትሾልክበት ቀዳዳ አላስቀረሁም። አባባ ዞር ዞር ብለው ሥራዬን አዩና፣ ቆቅ ጎጆዋን ሠራች አሉ። ሲያሞግሱ እንደዚያ ነው፤ ከዚያ በላይ አይወጣቸውም።

ዘንድሮ ደግሞ እንጨቱ ለጉድ ሆነላቸው። እንጨት ያመጣልንን ነጋዴ ሲመርቁት ሰነበቱ። በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ እንጨት አላዩም፤ ፍሙ ቀይ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ሰማያዊው ግን ገና ብቅ ሳይል ይጠፋል። ድሮ ምድጃው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ረፋዱ ይጋመስ ነበር። ዘንድሮ አንዴ ጎንበስ ብለው ያዩና፣ ጠፍቷል ብለው ይዘጋሉ። እኛም ደስ አለን። ቶሎ ሲዘጋ ብዙ ሙቀት ይቀራል፣ ክምሩም ቶሎ አይጎድልም። ቤታችን የዘንድሮን ያህል ሞቆ አያውቅም።

ራስ ምታት የጀመረኝ በዚያው ሰሞን ነው። ረፋድ ላይ ከቅንድቤ መሐል ይነሳና ወደ ማጅራቴ ይወርዳል። ያጥወለውለኛል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል። መጀመሪያ በስፌቱ አሳበብኩ፤ የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተቀብዬ መርፌ ላይ አፍጥጬ ነው የምውለው። ገበያ ስወጣ ግን ድራሹ ይጠፋል፤ ቤት ስመለስ ተመልሶ ይመጣል። ለባሌ ብነግረው ሳቀብኝ። ቤት ስትገቢ የሚያምሽ ሥራ ስለምታዪ ነው አለኝ። ቀልዱን መሆኑ አልጠፋኝም፤ ቢሆንም ደሜ ፈላ።

ሚጢ ደግሞ ተኛች። ልጄ ተኛችብኝ ብላ የምትከፋ እናት አይታችሁ አታውቁም፤ እኔ ከፋኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ብቅ እያለ አይቶ ይመርቀኛል። እንዴት ያለች ሰላማዊ ልጅ፣ ጉንጯስ እንዴት ቀላ፣ የታደልሽ ነሽ ይሉኛል። እኔ ግን ልቤ አላርፍ አለ። ጡት እንደያዘች ጭልጥ ትላለች። ውስጥ እግሯን ስኮረኩራት አንዴ ታጥፈውና ትተወዋለች። ከሰዓት በኋላ ግን፣ ልብስ ላሰጣ ይዣት ግቢ ስወጣ፣ ዓይኗን ከፍታ ወፍ ትከተላለች። ይህ እንቅልፍ አላማረኝም ብዬ ለባሌ ነገርኩት። ስታለቅስ አለቀሰች ትያለሽ፣ ዝም ስትል ዝም አለች ትያለሽ፣ ምን ታድርግልሽ አለኝ። አባባም ከበርጩማቸው ላይ ሆነው፣ ቆቅ እንቅልፍ አታውቅም፣ ለዚያ ነው የሰው እንቅልፍ የሚያስደነግጣት አሉ። አባትና ልጅ ተያይተው ሳቁ።

እልህ ያዘኝና ክሊኒክ ወሰድኳት። በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ንፋሱ ፊት ይገርፋል፣ እሷን እስከ አፍንጫዋ ጠቅልዬአታለሁ። እዚያ ስንደርስ እመቤት ሚጢ ዓይኗን አፍጥጣ፣ እጇን እያወናጨፈች፣ የነርሷን መነጽር ነጥቃ ልትበላ ምንም አልቀራት። እንዲህ ያለች ንቁ ልጅ ይዘሽ ነው እንዴ የመጣሽው ተባልኩ። አፍሬ ተመለስኩ። ቤት ገብተን ብዙም ሳንቆይ ተኛች።

ጉዱ የወጣ ዕለት ውርጩ የግቢውን ሣር ነጭ አድርጎት አደረ። ባሌ ገና ጎህ ሲቀድ ወደ ሥራው ወጥቷል። መብራት የለም። አባባ ምድጃውን እስከ አፉ ሞልተው አነደዱት፤ ረፋዱ ላይ ግድግዳው እጅ አያስነካም ነበር። እኔ ዩኒፎርሙን በማግስቱ ማስረከብ አለብኝ፤ ሰማያዊ ሽንሽን ቀሚስ ነው፣ ወንበሩም ጠረጴዛውም ሰማያዊ ሆኗል። ክር አለቀብኝና አባባ ከመሳቢያው ሰማያዊ ክር እንዲያቀብሉኝ ለመንኳቸው። ግራጫ ሰጡኝ። ሰማያዊውን ነው አልኳቸው። መልሰው አስቀመጡት፣ መሳቢያው ላይ አቀርቅረው ቆዩና ሌላ ግራጫ አነሱልኝ።

እንደ ልማዳቸው የሚያሾፉብኝ መሰለኝ። ራሴ ይወቃ ስለነበር ለቀልድ ትዕግሥት አልነበረኝም፤ ተነስቼ ራሴ አነሳሁት። እሳቸውም ፊታቸው ጠቆረ። ወደ ምድጃው ሄዱ፣ የብረት በሩን ከፈት አድርገው ጎንበስ አሉና፣ ጠፍቷል አሉ። መዝጊያዋን ገፏት። ብረቷ ጡቡ ላይ ስትንሸራተት ያሰማችው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ መጥረቢያቸውን ይዘው ለነገ የሚሆን እንጨት ሊፈልጡ ወደ ግቢ ወጡ። ሁልጊዜም ምድጃውን ዘግተው ውጭ ነው የሚውሉት። እሳቸውን ራስ ምታት የማያውቃቸው ለምን እንደሆነ ያኔ አልመጣልኝም።

መስፋቴን ቀጠልኩ። መርፌዋ እየሄደች ዓይኔ ይከደናል፤ ብርግግ እልና እንደገና እቀጥላለሁ። ከግቢ የመጥረቢያው ድምፅ ይሰማኛል፣ ከመኝታ ቤት ምንም። አንድ ቀሚስ ጠማማ ሰፍቼ ፈታሁት፣ መልሼም ጠማማ ሰፋሁት። ሽንሽኑን ልተኩስ ብዬ ተነሳሁ። መብራት ሲጠፋ የምተኩሰው በከሰል ካውያ ነው፤ ከምድጃው ፍም እየወሰድኩ እሞላዋለሁ። ጉጠቱን ይዤ የምድጃውን በር ከፈትኩ።

ፍሙ ላይ ሰማያዊ ነበልባል ከዳር እስከ ዳር ይሯሯጣል። አንዱ ጋ ይጠፋና ሌላው ጋ ብቅ ይላል። ቆሜ አየሁት። ራሴ ደንዝዞ ስለነበር መጀመሪያ ያሰብኩት፣ እንዴት ያምራል የሚል ነው። ከዚያ ነው ወደ መዝጊያዋ ቀና ያልኩት። ጥርቅም ብላ ተዘግታለች። አባባን ተጣራሁ። መጥረቢያቸውን እንደያዙ ገቡ።

«አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ሰማያዊው ነዋ። ፍሙን ሞልቶታል።»

ጎንበስ አሉ። ከዚያ የበለጠ ጎንበስ አሉ፤ ሙቀቱ ቅንድባቸውን ሊልጠው ሲደርስ እንኳ አልተመለሱም። ፊታቸውን ነው የማየው። የሚቀልድ ሰው ፊት አልነበረም።

«ፍም ነው እንጂ ሌላ ምን አለ?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ተለውጧል።

ክሩ ትዝ አለኝ። የሁለቱ ግራጫ ክሮች ነገር፣ የዘንድሮ እንጨት ምርቃት፣ የኔ ራስ ምታት፣ የዚያች ልጅ እንቅልፍ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። አያዩትም። ሰውዬው ሰማያዊ አያዩም። ስንት ጠዋት እንደዚህ እንደዘጉብን የሚያውቅ አንድዬ ነው።

ወደ መኝታ ቤት ስሮጥ ዞረብኝ፤ በግድግዳው ተደግፌ ገባሁ። ሚጢ በጀርባዋ ተኝታለች፣ ጉንጯ ቲማቲም መስሏል። ጠራኋት። አነሳኋት። ራሷ ወደ ኋላ ተንጠለጠለ፣ ክንዷም እንደ ጨርቅ ወደቀ። አፍንጫዋን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ፤ የራሴ ልብ እየጮኸ አላሰማኝም። ወደ በሩ ዞርኩ፤ ከኋላዬ ተዘግቷል፤ ያ ከሥሩ የጠቀጠቅሁት ጨርቅ ተጠቅልሎ በሩን አነቀው። አንድ እጄ ልጅ ይዟል፣ በሌላው እየሳብኩ ነው፣ በሩ ወይ ፍንክች። አባባ እየጮሁ ከዚያ ወዲያ ይገፋሉ። በኋላ ገፍተው ገቡ፤ እኔን በትከሻቸው ወደ ውጭ አሳለፉኝና መስኮቱ ጋ ደረሱ። ዕድሜ ልካቸውን በር ሲከፈት ሙቀት ወጣ ብለው የሚቆጡት ሰውዬ መስኮቱን ከነፍሬሙ በመጥረቢያ ሰነጠቁት። የመስታወቱ ድምፅ ከኋላዬ ነው የደረሰኝ።

ግቢ ወጥቼ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ውርጩ በቀሚሴ አልፎ ይገባል። እንግዲህ አስቡት፤ ከተወለደች ጀምሮ አንዲት ንፋስ እንዳትነካት ስንት ስሆንላት የከረምኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ልብስ በገዛ እጄ ገፈፍኩት። ብርድ ልብሱን ጣልኩ፣ ሹራቧን ፈታሁ፣ ደረቷን ለዚያ ለምፈራው ብርድ ሰጠሁት። ትንፋሽ አላት፣ የሌላት እስኪመስል ትንሽ። እግሯን ደበደብኩ። ስሟን ጠራሁ፣ ተቆጣኋት፣ ለመንኳት። አፈር ስሆንልሽ አልቅሺ አልኳት። አባባ ራቅ ብለው ቆመዋል፤ እጃቸው ይደማል፣ ይምጡ አይምጡ ያላወቁ ይመስላሉ።

መጀመሪያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ማስነጠስ የመሰለ ነገር አደረጋት፣ ከዚያ እንደ ድመት ልጅ አንዴ አለች። ደግሞ ዝም። ዝምታው ነው የገደለኝ። ከዚያ አፏን ከፍታ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ ጎረቤቶች ሁሉ በአጥር ብቅ አሉ። ባለ ታክሲው ጎረቤታችን በነጠላ ጫማው ወጥቶ ሆስፒታል አደረሰን። አባባ ከፊት ወንበር ተቀምጠው አንዴም ወደ ኋላ አልዞሩም።

ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉላት፤ ለኔም አደረጉልኝ። ከሰዓት በኋላ ሚጢ ጡት ይዛ እየጎተተች ስትጠባ ነው እንባዬ የመጣው። ባሌ ከነሥራ ልብሱ እየሮጠ ደረሰ። የሆነውን ስነግረው ፊቱ ነጣ፤ ከዚያ ደም መሰለ። አባቱ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ናቸው። ነገ ያንን ምድጃ ጡብ በጡብ አፈርሰዋለሁ አላቸው። በሰው ፊት ጮኸባቸው፤ በዕድሜው እንዲህ አድርጎ አያውቅም። አባባ በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን ነው የሚያዩት።

እሱ መድኃኒት ሊገዛ ሲሄድ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዓይንዎ እንዲህ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። መደብዘዙን ካወቁት ቆይተዋል፤ ሰማያዊው እንደተለያቸው ግን አላወቁም ነበር። እውነት እንጨቱ መስሏቸዋል። ይህን ሲነግሩኝ ጠላኋቸው፤ አልዋሽም፣ ከልቤ ጠላኋቸው።

«መደብዘዙን ለምን አልነገሩንም?»

«ብናገር መጥረቢያውን ትቀሙኛላችሁ» አሉ። «መዝጊያውንም። ከዚያ በኋላ እኔ በዚያ ቤት ውስጥ ምንድን ነኝ?»

መጥረቢያውን እንቀማቸው ነበር፣ እውነታቸውን ነው። ንዴቴ አልበረደም፤ አንጀቴን ግን በሉት። ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጡ ያን ቀን አየሁ።

ቤት ስንመለስ የተሰበረው መስኮት በላስቲክ ተሸፍኗል፣ ክፍሉ ሁሉ በረዶ ነው። ባሌ ከሥራ መቅረት ስላልቻለ በጠዋት ሄደ። መብራት መጣ ሲሉት ይሄዳል፤ ማሞቂያው ኮት እንደተሸከመ ቆሟል። ሚጢን ደረቴ ላይ አስሬ ወደ ሳሎን ስገባ፣ አባባ ምድጃው ፊት ተንበርክከው መሮና መዶሻ ይዘዋል። የላይኛውን ጡብ ፈንቅለው አውጥተው በጥንቃቄ ጨርቅ ላይ አስቀምጠውታል። ሁለተኛውን እየነቀነቁ ነው። እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል፤ እጃቸው ግን ሥራውን አላቆመም።

«ተዉት አባባ» አልኳቸው።

ባልሽ ሳይመለስ ልጨርሰው አሉኝ፤ እሱ ካፈረሰው ጡቡን ይሰባብረዋል።

«እሷንስ ማን ያሞቃታል? ጡቡን ይመልሱት። መዝጊያዋ ግን ከዛሬ ጀምሮ የኔ ናት።»

መሮውን አስቀመጡ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ምን ያህል እንዳዩኝ እንጃ። ከዚያ ጭቃ አቡክተው ጡቡን መለሱት።

ከባሌ ጋር በዚህ ነገር ያልተባባልነው የለም። ከምድጃውና ከኔ ምረጪ እስከማለት ደረሰ፤ ሁለቱንም መረጥኩ። የጠቀጠቅሁትን ጨርቅ ሁሉ ነቅዬ ጣልኩ። የሚጢ መስኮት በላይ በኩል ሁልጊዜ ገርበብ እንዲል ሆኖ ተሠራ። ያ ቤት ድሮ በአንድ ሙሌት ይውል ነበር፤ አሁን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማንደድ አለብን። ክምሩ ዓይናችን እያየ ይጎድላል። አባባ የድሮውን እጥፍ ይፈልጣሉ፤ መጥረቢያውን አልቀማናቸውም። ማታ ወገባቸውን ይዘው ሲቀመጡ ያቃስታሉ፣ ብናያቸው ዝም ይላሉ። የዓይን ሐኪሙ ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይወጣል ብሎ ተራ አስይዟቸዋል። ሞራ ከሚሸፍናቸው ቀለሞች መሐል ሰማያዊ ቀድሞ እንደሚሄድም የነገረን እሱ ነው።

ጠዋት ጠዋት ምድጃው ፊት ሁለት በርጩማ አለ። አንዱ የሳቸው፣ አንዱ የኔ። ሚጢ ከግድግዳው ወዲያ ትተኛለች፤ በሩ ክፍት ነው። ስፌቴን ጭኔ ላይ አድርጌ ፍሙን አያለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ፊቴን ያያሉ።

«ቆቅ፣ አለ?»

«አለ አባባ።»

ዛሬም እንደዚሁ ጠየቁኝ፣ እንደዚሁ መለስኩ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ጠየቁኝ። ፍሙ ቀልቶ፣ ጠቁሮ፣ አመድ ሊለብስ ጀምሯል፤ ሰማያዊው ከጠፋ ቆይቷል። ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ሽው እያለ ሲወጣ ሁለታችንም እንሰማዋለን። አንዲት ስንጥር እንዳትባክን ሲጠብቁ የኖሩት ሰውዬ እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘርግተው ነኩት፤ እየቀዘቀዘ እንደሆነ ጣታቸው ያውቃል። እኔ እንደዋሸኋቸውም ያውቃሉ።

«አሁንስ?»

«አሁንም አለ» አልኩ።

«ይሁን፣ እንጠብቅ» አሉ፤ እጃቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ አደረጉ።

ከውስጥ ሚጢ ነቃችና መጮህ ጀመረች። ስፌቴን አስቀምጬ ልነሳ ስል አባባ ክንዴን ያዙኝ።

«ተያት» አሉ። «ትንሽ ትጩህ።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ።